የኧርሊ ቮቲንግ ወጪ ከጎረቤት ከተማ ጋር ስንጋራ እንዴት ይከፈል? በተመዘገበ ሰው፣ እኩል ወይስ በመጣው ሰው ልክ? (ሚሺጋን)

የታውንሺፕዋ (ሚሺጋን)

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ይላል ታገሱኝ። የምኖረው ሚሺጋን ውስጥ አንዲት ትንሽ ታውንሺፕ (እንደ ከተማ የራሷ አስተዳደር ያላት ትንሽ አካባቢ) ነው፣ ምርጫ ሲመጣ ፖል ወርከር ሆኜ እሰራለሁ (በሕጉ ኢንስፔክተር ነው የሚባለው፣ ስሙ ያስፈራል እንጂ ሥራው መታወቂያ ማየት፣ ወረቀት መስጠትና ሽንት ቤት የት እንደሆነ ማሳየት ነው)።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2022 ኖቬምበር ፕሮፖዛል 2 የሚባለውን ሕዝቡ 60 በመቶ ገደማ ደግፎት የስቴቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ በስቴትና በፌደራል ምርጫ ሁሉ ቢያንስ 9 ቀን፣ በቀን ቢያንስ 8 ሰዓት ኧርሊ ቮቲንግ (ከምርጫው ቀን በፊት በአካል መጥቶ መምረጥ) መክፈት ግዴታ ሆነ። ከምርጫው በፊት ካለው ሁለተኛው ቅዳሜ ይጀምርና ምርጫው ሁለት ቀን ሲቀረው እሁድ ያልቃል። በመላው ስቴት መጀመሪያ የተሰራበት በ2024 የፌብሩዋሪው ፕራይመሪ (የፓርቲዎች እጩ መምረጫ) ላይ ነው። ታዲያ ሚሺጋን እንደ ብዙው ስቴት ካውንቲው (ብዙ ከተማና ታውንሺፕ በውስጡ የያዘው አስተዳደር) ሁሉንም ጠቅልሎ አያካሂድም፣ ከ1,500 በላይ ከተማና ታውንሺፕ አለ፣ እያንዳንዱ የራሱ ክለርክ (የምርጫና የመዝገብ ኃላፊ) አለው፣ ምርጫውን የሚያካሂደውም እሱ ነው። ስለዚህ ጥቂት መቶ መራጭ ያላት ታውንሺፕም ዲትሮይትም ግዴታቸው አንድ ነው፣ 9 ቀን።

ሕጉ ግን ቀዳዳ ትቷል። በአንድ ካውንቲ ውስጥ ያሉ ከተሞችና ታውንሺፖች ተስማምተው አንድ ሳይት (የመምረጫ ቦታ) በጋራ መክፈት ይችላሉ፣ ወይ ደግሞ ለካውንቲው ክለርክ "አንተ አካሂድልን" ብለው መስጠት ይችላሉ። እኛ የካውንቲው ነገር አልሆነልንም፣ ስለዚህ ከአንድ ከተማና ከአንድ መካከለኛ ታውንሺፕ ጋር ለሦስት ሆነን ለመስራት ንግግር ላይ ነን። ከተማዋ ያለችው "ሳይቱ እኔ ህንፃ ውስጥ ይሁን፣ ሰራተኛውንም እቃውንም እኔ አቀርባለሁ፣ እናንተ ከናንተ ሰፈር መጥቶ ድምፅ በሰጠው ሰው ልክ በነፍስ ወከፍ ትከፍላላችሁ" ነው። ለጆሮ ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል፣ የተጠቀመ ይክፈል። እኔን ግን አልተዋጠልኝም። በሚቀጥለው የቦርድ ስብሰባ ሕዝብ አስተያየት የሚሰጥበት ሰዓት አለ፣ 3 ደቂቃ ነው የሚሰጡን፣ ጎረቤቴ ደግሞ የቦርዱ አባል ስለሆነ "አንቺ ውስጡን ታውቂዋለሽ ተነስተሽ ተናገሪ" እያለ ወጥሮ ይዞኛል። ሌላ ስቴት ያላችሁ እንዴት ነው የሚሰራው? ምን ልበል?

የቢሾፍቱ ልጅ (ዲትሮይት አካባቢ)

እህቴ በመጀመሪያ አክብረሽ ስለሰራሽ ምስጋና ይገባሻል እኔ አንዴ ሞክሬው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት ቆሜ ውዬ ሁለተኛ አልደርስም ብያለሁ 😂

ወደ ቁም ነገሩ ስንመጣ እኔ እኩል ይከፈል ባይ ነኝ። እንደ እድር ነው የማየው። እድር ላይ ሀብታሙም ድሃውም እኩል ነው የሚያዋጣው፣ ባለ አምስት ልጁም ብቸኛውም እኩል ነው፣ ድንኳኑ ለሁሉም አንድ ነዋ። ሦስት ከሆናችሁ ለሦስት አካፍላችሁ ጨርሱት። ሂሳብ ሲበዛ ጠብ ነው የሚመጣው።

ሒሳብ ሹም (ሚኒሶታ)

ወንድሜ የእድሩ ነገር የሚሰራው አንድ ቤት አንድ አባል ስለሆነ ነው። እዚህ ግን "አንዱ አባል" 1,500 ሰው ሲሆን ሌላው 22,000 ነው። እስቲ በቁጥር እንየው፣ ቁጥሩ የኔ ምሳሌ ነው የማንም ከተማ አይደለም፦

ሦስት አባል አሉ እንበል። ትንሿ 1,500 የተመዘገበ መራጭ፣ መካከለኛዋ 6,500፣ ከተማዋ 22,000። ድምር 30,000። ሳይቱ በቀን 8 ሰዓት ክፍት ነው፣ ማሰናጃና መዝጊያ ሲጨመር 10 ሰዓት በሉት። 9 ቀን ሲባዛ 90 ሰዓት። 5 ሰራተኛ በሰዓት በ18 ዶላር ቢሰራ ለአንድ ምርጫ 8,100 ዶላር። የፕሬዝዳንት ምርጫ ባለበት ዓመት ፌብሩዋሪ፣ ኦገስትና ኖቬምበር ሦስት ጊዜ ስለሆነ 24,300። የሰው ክፍያ ብቻ ነው ይሄ፣ እቃና ኪራይ አልገባም።

እኩል ከሆነ ለእያንዳንዳቸው 8,100። ይሄ ማለት ትንሿ ታውንሺፕ በአንድ መራጭ 5 ዶላር ከ40 ሳንቲም ስታወጣ ከተማዋ 37 ሳንቲም ገደማ ታወጣለች። የትኛው እድር ነው እንዲህ የሚያስከፍለው?

በተመዘገበ ሰው ከሆነ ትንሿ 1,215፣ መካከለኛዋ 5,265፣ ከተማዋ 17,820።

አሁን ደግሞ ትንሿ ብቻዋን ብትከፍተውስ? 3 ሰው የግድ ነው መሰለኝ፣ 90 ሰዓት በ3 ሰው በ18 ዶላር 4,860፣ በሦስት ምርጫ 14,580። ስለዚህ በየትኛውም መንገድ ቢሆን መጋራቱ ይሻላታል፣ ጥያቄው ትርፉን ማን ይወስደዋል ነው።

የታውንሺፕዋ (ሚሺጋን)

@ሒሳብ ሹም እግዜር ይስጥህ ይሄን ሰንጠረዥ ነበር የፈለግኩት። አዎ ቢያንስ 3 ኢንስፔክተር የግድ ነው፣ ከሁለቱም ትልልቅ ፓርቲዎች ሰው መኖር አለበት። ትንሽ ቦታ ላይ ሌላው ራስ ምታት ይሄ ነው፣ ገንዘቡ ቢገኝ ራሱ የአንደኛው ፓርቲ ሰው 9 ቀን ሙሉ ከየት ይመጣል? ጡረተኞች ናቸው የሚሰሩት፣ እነሱም ዶክተር ቀጠሮ አላቸው የልጅ ልጅ አላቸው።

ኮስት ከተር (ኦሃዮ)

ይቅርታ ግን ማንም ያልጠየቀውን ልጠይቅ። ለምን ይሄ ሁሉ? ሚሺጋን ላይ ማንም ሰው ያለምክንያት በፖስታ መምረጥ ይችላል ከ2018 ጀምሮ። ትንሽ ታውንሺፕ ሰዎቿን በፖስታ ምረጡ ብላ 9 ቀን ባዶ አዳራሽ ውስጥ ሦስት ጡረተኛ አስቀምጣ ቡና ከማጠጣት ብትገላገል አይሻልም ወይ የታክስ ከፋይ ብር ነው እኮ

የታውንሺፕዋ (ሚሺጋን)

ሕገ መንግሥት ውስጥ ነው ያለው ወንድሜ፣ ታውንሺፑ ስላልፈለገ አይቀርም። ደግሞ ሁለቱ አንድ አይደሉም። በፖስታ ስትመርጥ ወረቀቱ በፖስታ ውስጥ ይሄዳል፣ ፊርማህ ይታያል፣ የሚቆጠረው ሌላ ሰው ከፍቶት ነው። ኧርሊ ቮቲንግ ላይ ግን ልክ እንደ ምርጫው ቀን ራስህ ወረቀቱን ማሽኑ ውስጥ ታስገባዋለህ፣ አበላሽተህ ከሆነ ማሽኑ ይመልስልሃል እዚያው ታስተካክላለህ። እኛ ሰዎች ደግሞ (ሐበሻን ማለቴ ነው) በፖስታ የላኩት ነገር ይደርሳል ብለን አናምንም፣ ሲገባ ካላየን እንቅልፍ አይወስደንም። በ2024 ኖቬምበር ስቴቱ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው በዚህ መንገድ ነው የመረጠው። ባዶ አዳራሽ አይደለም።

ነርስ ማታ (ሚሺጋን)

ይሄን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ ሌሊት ነው የምሰራው፣ 12 ሰዓት ፈረቃ ሦስት ቀን በተከታታይ፣ ማክሰኞ የምርጫ ቀን ላይ ከወደቀብኝ በቃ ሄደ ነው። ቅዳሜና እሁድ ክፍት መሆኑ ለኔ ዓይነቱ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ወጪውን ስታወሩ እባካችሁ ሰዓቱንም አውሩ። 8 ሰዓት ማለት ከጠዋቱ 3 እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ነው በብዙ ቦታ። ሦስታችሁ ከተጋራችሁ ያተረፋችሁትን ብር ለሁለት ቀን ወደ ማታ ማራዘሚያ አድርጉት። ሌላው ደግሞ መንገዱ፣ የታውንሺፕሽ ሰው ወደ ከተማው ለመሄድ ስንት ማይል ይነዳል? መኪና የሌለው እናት አባት ያለንስ?

የታውንሺፕዋ (ሚሺጋን)

@ነርስ ማታ ወደ 14 ማይል ነው ከታውንሺፑ ዳር ላለ ሰው። አውቶቡስ የሚባል የለም። አዎ ልክ ነሽ ይሄ ነው እኔን አልዋጥልህ ያለኝ ነገር አሁን ስታነሺው ነው ቅርጽ የያዘልኝ። ሳይቱ ከተማዋ ውስጥ ከሆነ የከተማዋ ሰው በእግሩ ይመጣል፣ የኛ ሰው ይነዳል፣ የኛ ሰው የመንዳቱን ወጪ ከኪሱ ከፍሎታል ማለት ነው።

ሌላው ግን ትልቁ፦ በመጣው ሰው ልክ የሚባለውን አስቡት። ከኛ አንድ ሰው በመጣ ቁጥር ታውንሺፑ ቢል ይመጣለታል። እንግዲህ የኛ ክለርክ ምን ታደርጋለች? ፍላየር ትበትናለች? ፌስቡክ ላይ "ኑ ምረጡ ክፍት ነው" ትላለች? ባሰራጨች ቁጥር በጀቷ ይቀደዳል። ጥሩ ሴት ናት፣ ታደርገዋለች እላለሁ፣ ግን ቦርዱ ዓመቱ መጨረሻ ላይ "ለምን ይሄን ያህል ሆነ" ብሎ ሲጠይቃት የምትመልሰው "ሰው መረጠ" ነው። ሰው መምረጡ ወጪ የሚሆንበት ውል መፈረም የለበትም። በተመዘገበ ሰው ከሆነ ግን ሰው መጣ አልመጣ ሂሳቡ ያው ነው፣ እንዲያውም ከፍለንበታል ኑ ተጠቀሙበት ትላለች።

የቢሾፍቱ ልጅ (ዲትሮይት አካባቢ)

ይሄ ነጥብ ጎበዝ ነው። ግን ከተማዋ "ብዙ ሰው ሲመጣ ወጪዬ ይጨምራል" ብትልስ?

የታውንሺፕዋ (ሚሺጋን)

ይጨምራል ግን ትንሽ ነው። እንዴት እንደሚውል ልንገራችሁ። ጠዋት ስንገባ ማሽኑ ላይ ያለው ማሸጊያ ቁጥር ትናንት ማታ ከጻፍነው ጋር አንድ መሆኑን ሁለት ሰው ሆነን እናያለን፣ አንዱ ከአንዱ ፓርቲ ሌላው ከሌላው። ላፕቶፑ የመራጮች መዝገብ ጋር በኔት የተገናኘ ነው፣ ሰው ሲመጣ ስሙን ስታወጣው ሌላ ቦታ መርጦ ከሆነ ወዲያው ያሳይሃል። ማታ ሲዘጋ ማሽኑ የቆጠረውን ወረቀት ብዛት መዝገቡ ላይ ካለው ሰው ብዛት ጋር እናመሳክራለን፣ አንድ ሰው ልዩነት ካለ ማንም ቤቱ አይሄድም። አንዴ አንድ ሽማግሌ ወረቀት ከተቀበሉ በኋላ "ቤት ሄጄ ላስብበት" ብለው ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ትተው ወጥተው ነበር፣ እሱን አንድ ወረቀት ስንፈልግ ነው ያመሸነው። ከዚያ ይታሸጋል፣ ቁጥሩ ይጻፋል፣ ሁለታችንም እንፈርማለን። ውጤት አይወጣም፣ ማን ስንት አገኘ የሚባል ነገር እስከ ምርጫው ቀን ማታ 2 ሰዓት ድረስ አይነካም።

ይሄ ሁሉ ሥራ 10 ሰው መጣ 300 ሰው መጣ አንድ ነው። ብሩ የሚያልቀው ለመዘጋጀት ነው። ከሰው ብዛት ጋር የሚጨምረው ወረቀትና ቀለም፣ ኖቬምበር ላይ ደግሞ ተጨማሪ ሁለት ሦስት ሰራተኛ ነው።

ሒሳብ ሹም (ሚኒሶታ)

ልክ። ስለዚህ ምን ታደርጊያለሽ መሰለሽ፣ ወጪውን ለሁለት ከፋፍይው። እዚህ ሚኒሶታ ውስጥ በ2023 የወጣ ሕግ አለ፣ ስቴቱ በየዓመቱ 1.25 ሚሊዮን ዶላር ለምርጫ ሥራ ለካውንቲዎች ያከፋፍላል። ክፍፍሉ 20 በመቶው ለሁሉም ካውንቲ እኩል፣ 80 በመቶው በተመዘገበ መራጭ ብዛት ነው። ካውንቲዎቹ ደግሞ ከውስጣቸው ካሉ ከተሞችና ታውንሺፖች ጋር ይነጋገሩና ይካፈሉታል። ያ ገንዘብ ሲመጣ ነው ያንቺ ደግሞ ገንዘብ ሲወጣ ነው፣ ግን ሀሳቡ ይሰራል፣ ትንሽም ብትሆን በሩን ለመክፈት የሚያስፈልግ ነገር አለ፣ ከዚያ በላይ ያለው በሰው ብዛት።

በቅድሙ ምሳሌ ብናስገባው ከ24,300 ውስጥ 20 በመቶው 4,860፣ ለሦስት 1,620። ቀሪው 19,440 በተመዘገበ ሰው። ትንሿ 2,592፣ መካከለኛዋ 5,832፣ ከተማዋ 15,876 ይደርሳቸዋል። ከተማዋ በተመዘገበ ብቻ ከሚሆን ወደ ሁለት ሺህ ዶላር ይቀንስላታል፣ ስለዚህ እሺ የማለት ዕድሏ ይጨምራል፣ ትንሿም ብቻዋን ብትሰራ 14,580 ነበር፣ አትጎዳም።

ኮስት ከተር (ኦሃዮ)

5 ሰራተኛ ለ30,000 መራጭ ኖቬምበር ላይ? ሰልፉ መንገድ ይዘጋል

ሒሳብ ሹም (ሚኒሶታ)

ምሳሌ ነው አልኩ እኮ ወንድሜ 😅 10 አድርገው፣ ክፍፍሉ አይቀየርም።

ጋሽ ካምብሪጅ (ማሳቹሴትስ)

ልጆች፣ እኔ እዚህ ብዙ ዓመት ስለኖርኩ የኛን ስቴት ታሪክ ልጨምርላችሁ ምክንያቱም እናንተ እርስ በርሳችሁ ስትካፈሉ ዋናውን ባለዕዳ ረስታችሁታል፣ ስቴቱን።

ማሳቹሴትስ ውስጥ 351 ከተማና ታውን አለ፣ ምርጫውን የሚያካሂዱት እነሱ ናቸው፣ እንደ እናንተው። ኧርሊ ቮቲንግ መጀመሪያ የተደረገው በ2016 ነው፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው መረጠበት፣ ሁሉም ደስ አለው። ከዚያ ቢሉ ለየታውኑ ደረሰ። በዚያን ጊዜ የስቴቱ ኦዲተር የነበረችው ሱዛን በምፕ ከአንዳንድ ከተሞች ጥያቄ ሲቀርብላት አጥንታ በ2017 መጀመሪያ ላይ ይሄ ስቴቱ ያለገንዘብ የጣለው ግዴታ ነው ብላ ወሰነች። ግዴታ የሆነው ወጪ በመላው ስቴት ወደ 720,000 ዶላር ገደማ ነው ያለችው። ከዚያ በኋላ ስቴቱ መልሶ ከፈለ። እዚህ ሀገር ስቴት ከተማን "ይሄን አድርግ" ካለ ገንዘቡንም መስጠት አለበት የሚል ሕግ አለን ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ።

ልብ በሉ ኦዲተሯ ያየችው ግዴታውን ነው። ከተማው በራሱ ፈቃድ የጨመረውና ሕጉ ያዘዘው ለየብቻ ነው የሚታየው። ስለዚህ ልጄ ስምምነቱ ውስጥ ሕጉ የሚያስገድደውን 9 ቀን 8 ሰዓት በአንድ መስመር፣ በፈቃዳችሁ የጨመራችሁትን (ያቺ ነርሷ ልጅ ያለችውን የማታ ሰዓት) በሌላ መስመር ጻፉት። ነገ ከነገ ወዲያ ስቴቱ ገንዘብ ሲያመጣ ደረሰኙን ለይታችሁ ታቀርባላችሁ።

የታውንሺፕዋ (ሚሺጋን)

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ፣ ይሄን አላሰብኩትም። እኛም ጋ ሄድሊ የሚባል ማሻሻያ አለ ከ1978 ጀምሮ፣ ስቴቱ ለአካባቢ መንግሥት አዲስ ሥራ ከጨመረ ገንዘቡን ይስጥ የሚል። ይሄኛው ግን ራሱ ሕዝብ ሕገ መንግሥት ውስጥ ያስገባው ስለሆነ ጉዳዩን ለጠበቃ ነው የምተወው። ስቴቱ ለመጀመሪያው ጊዜ ለእቃ ምናምን ግራንት (የማይመለስ ድጎማ) ሰጥቷል። ችግሩ እቃ አንዴ ይገዛል፣ ሰው በየምርጫው ይከፈለዋል።

ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ)

እኛ ጋ እንዲህ ዓይነት ጭቅጭቅ የለም 😌 ሜሪላንድ ኧርሊ ቮቲንግ ከ2010 ጀምሮ አለ፣ 8 ቀን ነው፣ የሚያካሂደው የካውንቲው ቦርድ ነው፣ ካውንቲው ውስጥ ካሉት ሳይቶች የፈለግከው ጋ ሄደህ መምረጥ ትችላለህ። እኔ አንዴ ሥራ ቦታዬ አጠገብ አንዴ ገበያ ስወጣ መርጫለሁ። የምርጫ ማሽኑ ወጪ ስቴቱ ግማሽ ካውንቲው ግማሽ ነው። ከተሞች የራሳቸውን የከተማ ምርጫ ሲያደርጉ ብቻ ነው ጣጣ ውስጥ የሚገቡት። ለምን ካውንቲው አያደርግላችሁም?

የታውንሺፕዋ (ሚሺጋን)

ይችላል፣ ሕጉ ይፈቅዳል፣ ብዙ ካውንቲ ውስጥም እንዲያ ነው የሚደረገው። የኛ ግን ከተማዋ "የራሴን እፈልጋለሁ" ስላለች ትልቁ አባል ከወጣ ለካውንቲው አልረባም። ከተማ ሲወጣ ብሩ ይወጣል። ደግሞ ካውንቲው ቢያደርገው ሳይቱ ካውንቲ ዋና ከተማ ነው የሚሆነው፣ ያ ከ14 ማይልም ይብሳል።

አዲስ ከፒያሳ (አዲስ አበባ)

ጣልቃ ስገባ ይቅርታ። ከዚህ ሆኜ ሳነብ ገርሞኝ ነው። እኛ ጋ ምርጫውን ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ነው ከላይ እስከ ታች የሚያካሂደው፣ በጀቱም ከፌደራል ነው፣ ወረዳው ቢሮ ይሰጣል ይተባበራል እንጂ "የኔ ድርሻ ስንት ነው" የሚል ነገር የለም። በ2013ቱ ምርጫ ወረቀቱ ከውጭ ታትሞ ነው የመጣው። አሁን ጥያቄዬ፣ ሦስቱ ቦታ የሚመርጡት ሰው የተለያየ ከሆነ (የታውንሺፑ ተመራጭና የከተማው ተመራጭ አንድ አይደለማ) አንድ አዳራሽ ውስጥ እንዴት አይደባለቅም?

የታውንሺፕዋ (ሚሺጋን)

በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ዋናው የወጪ ጉዳይም እዚያ ነው ያለው። ሰፈር በሰፈር ወረቀቱ ይለያያል፣ የትምህርት ቤት ዲስትሪክት ራሱ ታውንሺፑን ለሁለት ሊከፍለው ይችላል። በምርጫ ቀን አንድ ጣቢያ ውስጥ አንድ ወይ ሁለት ዓይነት ወረቀት ነው ያለው። የጋራ ሳይት ላይ ግን የሁሉም ዓይነት መኖር አለበት። አስቀድሞ አሳትመህ ብትደረድረው የትኛው እንደሚያልቅ አታውቅም፣ ስለዚህ ሰውየው ሲመጣ አድራሻውን አይቶ እዚያው የሱን ወረቀት የሚያትም ፕሪንተር ያስፈልጋል። ማሽኑም ሁሉንም ዓይነት እንዲያነብ አስቀድሞ ፕሮግራም መደረግና በሕዝብ ፊት መፈተሽ አለበት። ትንሽ ታውንሺፕ ብቻዋን ብትሆን ያን ፕሪንተር አያስፈልጋትም ነበር። ስለዚህ መጋራት ራሱ የሚያመጣው ወጪ አለ፣ እሱን ደግሞ ትልቋ ከተማ "ለናንተ ስል ነው የገዛሁት" ትላለች።

ያ ፕሪንተር ደግሞ እሁድ ከሰዓት ሰው በተሰለፈበት ነው ወረቀት የሚነክሰው 😩

አዲስ ከፒያሳ (አዲስ አበባ)

ገባኝ። እዚህም እዚያም ፕሪንተር ያው ነው ማለት ነው 😂

ሒሳብ ሹም (ሚኒሶታ)

ፕሪንተሩ ላይ ተጠንቀቂ። ውሉ ላይ የማን ንብረት እንደሆነ ካልተጻፈ ሁለተኛው ዓመት ላይ ጠብ ነው። ሁለት መንገድ አለ፣ ወይ ሦስታችሁም አዋጥታችሁ ትገዙትና የጋራ ይሆናል፣ አንዱ ሲወጣ ድርሻው በቀረው ዋጋ ይመለስለታል፣ ወይ ከተማዋ ትገዛውና የናንተ ድርሻ ላይ የዓመት እርጅናውን (እቃው ሲያረጅ በየዓመቱ የሚቀንሰውን ዋጋ) ትጨምራለች። ለትንሽ ቦታ ሁለተኛው ይሻላል፣ ግን የስቴት ግራንት የተገዛበትን እቃ እርጅና እንዳታስከፍላችሁ፣ ያ ሁለቴ መክፈል ነው።

ነርስ ማታ (ሚሺጋን)

ስለ 14 ማይሉ ግን ማንም መልስ አልሰጠም። ገንዘቡን አካፍላችሁ ጨረሳችሁ ሰውየውስ? ሳይቱ ለምን መካከለኛዋ ታውንሺፕ አይሆንም መሀል ላይ ከሆነች?

የታውንሺፕዋ (ሚሺጋን)

ጠይቀን ነበር። ከተማዋ "70 በመቶው መራጭ የኔ ነው ለምን እሱ ይንዳ" ትላለች፣ አልተሳሳተችም። መካከለኛዋ ደግሞ ያላት አዳራሽ የእሳት አደጋ ጣቢያው ነው፣ 9 ቀን መኪናዎቹን ውጭ ማሳደር አይቻልም። ቤተክርስቲያን አዳራሽ ነበር፣ ግን እሁድ የነሱ ቀን ነው፣ 9 ቀኑ ውስጥ ደግሞ ሁለት እሁድ አለ። የተሻለ ሀሳብ ያለው ካለ ይንገረኝ።

የቢሾፍቱ ልጅ (ዲትሮይት አካባቢ)

ካንቺ ታውንሺፕ ባሻገር ያለው ታውንሺፕ ቅርብ ከሆነስ? ከነሱ ጋር ተጣመሩ

የታውንሺፕዋ (ሚሺጋን)

5 ደቂቃ ነው። ሌላ ካውንቲ ነው። ሕጉ በአንድ ካውንቲ ውስጥ ነው የሚለው፣ ማሽኑም የተለያየ ነው፣ በቃ አይሆንም።

ጋሽ ካምብሪጅ (ማሳቹሴትስ)

ልጄ እንግዲህ ሳይቱን ማዛወር ካልተቻለ ርቀቱን ዋጋ ስጡት። ከተማዋ ህንፃዋን በኪራይ እንዳታስከፍል ተነጋገሩ። ሰዎቿ በእግር ይመጣሉ፣ የናንተ ይነዳሉ፣ ኪራዩን መተው የዚያ ማካካሻ ነው። ህንፃው ያለ ነው፣ መብራቱና ጽዳቱ ብቻ ነው ወጪ።

ኮስት ከተር (ኦሃዮ)

ወይ ደግሞ በሚቆጥቡት ብር ሁለት ቀን ሽማግሌዎችን የሚያመላልስ ቫን። ከስንት ዓመቴ ወጪ ጨምሩ ስል ይሄ የመጀመሪያዬ ነው

ነርስ ማታ (ሚሺጋን)

😂😂 ታሪክ ተሰራ

የታውንሺፕዋ (ሚሺጋን)

እሺ ስብሰባው ትናንት ማታ ነበር፣ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። 3 ደቂቃዬን ተጠቀምኩ፣ ሰዓት የሚይዘው ሰውዬ ሊያቋርጠኝ ሲል ጎረቤቴ "ትጨርስ" አለልኝ። የተናገርኩት ሁለት ነገር ብቻ ነው፣ በመጣው ሰው ልክ ከከፈልን ክለርካችን ሰው ስትጠራ ታክስ ከፋዩን ታስከፍላለች የሚለውንና የ20/80 ሂሳቡን። የመጀመሪያውን ስል አንድ አባል፣ ኧርሊ ቮቲንጉን ራሱን የማይወደው ሰውዬ፣ "ያ እንግዲህ ጥሩ ነገር አይደለም እንዴ፣ ወጪ ይቀንሳል" አለ፣ አዳራሹ ሳቀ፣ ክለርካችን ግን አልሳቀችም። ተነስታ "እኔ የተመረጥኩት ሰው እንዳይመጣ ለመጸለይ አይደለም" አለችው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ተቀየረ።

ቦርዱ በነፍስ ወከፍ የሚለውን አንቀጽ አልቀበልም ብሎ መልሶ ልኮታል። የሚጠይቁት በተመዘገበ መራጭ ከትንሽ እኩል ድርሻ ጋር (በመቶኛው ገና አልተስማሙም፣ አንዱ 10 ይበቃል ይላል)፣ የተመዘገበው ቁጥር በየሁለት ዓመቱ ከመዝገቡ ይወሰድ፣ ህንፃው ያለኪራይ፣ ፕሪንተሩ የከተማዋ ሆኖ በግራንት ያልተሸፈነው ዋጋ ብቻ በእርጅና ይታሰብ፣ የማታ ሰዓት በሌላ መስመር። የመውጫ አንቀጽም ጨምረዋል፣ አንድ አባል መውጣት ከፈለገ የምርጫ ዓመት ከመግባቱ በፊት ያሳውቅ የሚል፣ አለዚያ ሳይቱ ሊከፈት ሲል አንዱ ቢወጣ ሌሎቹ ሜዳ ላይ ይቀራሉ። ቫኑን ማንም አላነሳውም፣ እኔም ደቂቃዬ አልቆ ነበር።

ሒሳብ ሹም (ሚኒሶታ)

10 በመቶ ከሆነ ትንሿ ከ2,592 ወደ 1,903 ገደማ ትወርዳለች ከተማዋ ደግሞ ወደ 16,848 ትወጣለች። ከተማዋ ለዚያ እሺ አትልም፣ 15 ላይ ይገናኛሉ ብዬ እገምታለሁ። የተመዘገበው ቁጥር ውስጥ ግን የለቀቁና የሞቱ ሰዎች እስኪጸዱ ይቆያሉ፣ ከተማ ውስጥ ተማሪና ተከራይ ስለሚበዛ ቁጥሩ ተነፍቶ ከተማዋ ታጉረመርማለች። ከመዝገቡ ላይ አክቲቭ የሆኑትን ብቻ ብለው ይጻፉ።

የታውንሺፕዋ (ሚሺጋን)

ይሄን ለጎረቤቴ አሁኑኑ እልክለታለሁ። የከተማዋ ካውንስል በሚቀጥለው ወር ነው የሚያየው።

ነርስ ማታ (ሚሺጋን)

የከተማው ስብሰባ ለሌላ ሰፈር ሰውም ክፍት ነው አይደል? ቀኑን ጻፊልኝ፣ እረፍቴ ላይ ከዋለ ስለ ቫኑ እኔ ራሴ እናገራለሁ።